«ከፈቱትና ሞተ»

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ ቡና ላይ ተሰብስቦ ሳለ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የልጅ ልጄ መሳቢያዬን ስትበረብር ቆይታ አንድ ዕቃ ይዛ መጣች። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሳየው ልቤ ደንገጥ አለ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ለሚሊኒየሙ በዓል፣ 2000 ዓ.ም. ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የገዛው ኖኪያ ኤን 73 ስልክ ነበር። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው እየተቀባበለ ያየው፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ ነው። ባትሪው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል።

አማቼ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ስልኩን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ሳቀ። «ይሄ እኮ በጊዜው ንጉሥ ነበር እትዬ። ውስጡ ያለው ሲምቢያን የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የንግድ ዕቃ ነበር። በኋላ ኮዱን ለዓለም በነፃ ከፈቱትና ሞተ። እኔ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ምሳሌ ይሄ ነው፤ ልፋትዎን በነፃ ከበተኑ መጨረሻው ይሄው ነው» አለኝ።

«ከፈቱትና ሞተ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ኮምፒውተር አልተማርኩም፤ ዲፕሎማዬ የነርስነት ነው። ይህን ዓይነት አነጋገር ግን ለ36 ዓመታት በየዋርዱ ስሰማው ኖሬያለሁ። «ሐኪም ቤት ገባና ሞተ»፣ «ደም ሰጡትና ሞተ»፣ «ኦክስጅን አደረጉለትና ሞተ»። በተለይ ኦክስጅንን ስንት ቤተሰብ እንደሚፈራው የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ሰው ኦክስጅን ተደርጎለት የሚያየው በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ፣ ገዳዩ ኦክስጅኑ ይመስለዋል። አባታቸውን ሦስት ሳምንት በቤት አቆይተው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ያመጡት ልጆች «እባክሽ ሲስተር፣ ያንን ነገር አታድርጊበት» ብለው እጄን ይዘውኝ ያውቃሉ። ዘግይቶ የመጣውን መድኃኒት የበሽታው ምክንያት ማድረግ የሰው ልጅ የቆየ ስሕተት ነው።

ስለዚህ አማቼን «ቆይ፣ የዚህን በሽተኛ ካርድ ከመጀመሪያው አንብብልኝ» አልኩት። ያነበበልኝንና እኔም ከዚያ ወዲህ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች የማካፍላችሁ። ጉዳዩ የአሮጌ ስልክ ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችሁን ትምህርት፣ የእድራችሁን መዝገብ፣ የሕክምና ካርዳችሁን ይነካል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ከውስጥ የሚያስተዳድረው ዋናው ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ እንዲበራ፣ ፎቶው እንዲቀመጥ፣ ጥሪው እንዲገባ የሚያዘው እርሱ ነው። ይህን ፕሮግራም ባለሙያዎች የሚጽፉት ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ሲሆን፣ ጽሑፉ ሶርስ ኮድ ይባላል። ማሽኑ የሚጠቀመው ግን ተፈጭቶና ተቀይጦ ለሰው ዓይን የማይነበበውን ነው። የንግድ ኩባንያዎች በአብዛኛው የሚሸጡልን የተፈጨውን ነው፤ የሚነበበውን ደብቀው ይይዙታል። ኦፕን ሶርስ ማለት የሚነበበውን ጽሑፍ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመውና እንዲያሰራጨው በሕጋዊ ፈቃድ መክፈት ነው።

እናቶች ይህን በቀላሉ የምትረዱበት ምሳሌ በእጃችሁ አለ፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የምንሰጠው ኦአርኤስ። የፓኬቱን ጀርባ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ ያለው ሁሉ ከነግራሙ ተጽፏል። ለአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ሲትሬት። የተደበቀ ነገር የለውም። እኔ ሥራ ስጀምር ግን ቁጥሩ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ጨው 3.5 ግራም፣ ግሉኮስ 20 ግራም ነበር። ቀመሩ በግልጽ የታወቀ በመሆኑ በተለያዩ አገሮች ያሉ ሐኪሞች መዘኑት፣ በሕፃናት ላይ ያለውን ውጤት አነጻጸሩት፤ ቀለል ያለው ቅልቅል ማስመለሱንና የተቅማጡን ብዛት እንደሚቀንስ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውንም ልጆች ቁጥር እንደሚያሳንስ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ቀመሩን ቀየሩት። ቀመሩ በአንድ ፋብሪካ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ማን ያርመው ነበር? (እግረ መንገዴን፦ ፓኬቱ ካለ በግምት በቤት አትቀምሙ፤ የጨው መብዛት ለሕፃን አደገኛ ነው።)

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ስሕተቱን የደበቀ ፕሮግራምም እንደዚያው ነው።

የሲምቢያን ካርድ

አሁን ወደ በሽተኛችን ልመለስ። ሲምቢያን የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው። ሳይየን የሚባል ኩባንያ በኪስ ለሚያዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ኢፖክ የተሰኘ ሲስተም ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳይየን ከኖኪያ፣ ከኤሪክሰንና ከሞቶሮላ ጋር ሆኖ ሲምቢያን የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። የስልክ አምራቾች እየከፈሉ ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ላይ ከተሸጡት ስማርት ስልኮች ከግማሽ የሚበልጡት ሲምቢያን የተጫነባቸው ነበሩ። የባለቤቴ ስልክ የተገዛው በዚያው ዓመት ነው፤ አማቼ «ንጉሥ ነበር» ያለው ልክ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ግን በዚያው በንግሥናው ዘመን ነው። ምልክቶቹን ልቁጠር። አንደኛ፣ ሲስተሙ የተነደፈው በ1990ዎቹ፣ ሜሞሪ ውድ በነበረበትና ስልክ ሁሉ ባለቁልፍ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ለእርሱ ፕሮግራም መጻፍ እጅግ አድካሚ እንደነበረ የሠሩበት ሁሉ ይመሰክራሉ። ሁለተኛ፣ አምራቾቹ ከላይ የየራሳቸውን ፊት አለበሱት። ኖኪያ ኤስ 60፣ ሶኒ ኤሪክሰን ዩአይኪው፣ ጃፓኖቹ ደግሞ ሌላ። አጥንቱ አንድ ሆኖ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። ሦስተኛ፣ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. አይፎን ለገበያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ጉግልና አጋሮቹ አንድሮይድን አስተዋወቁ። በኤስ 60 የሚሠራው የመጀመሪያው የኖኪያ ባለንክኪ ስልክ የተዋወቀው ጥቅምት 2008 ነው፤ አይፎን ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ።

አሁን የመክፈቱን ቀን ተመልከቱ። በሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. ኖኪያ ቀሪውን የሲምቢያን ድርሻ በ264 ሚሊዮን ዩሮ ለመግዛትና ሲስተሙን ለአንድ ፋውንዴሽን ሰጥቶ ለመክፈት መወሰኑን አስታወቀ። ኮዱን ለማዘጋጀትና የሌሎች ኩባንያዎች ንብረት የሆነውን ለመለየት ወደ 20 ወራት ገደማ ፈጀ። ኮዱ በሙሉ የተከፈተው በየካቲት 2010 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ ሶኒ ኤሪክሰንና ሳምሰንግ ሲምቢያንን እንደሚተዉ ገለጹ። ኅዳር ላይ ፋውንዴሽኑ ሥራውን እንደሚያጥፍ ተነገረ፤ ታኅሣሥ ላይ ድረ ገጾቹ ተዘጉ። በየካቲት 2011 ኖኪያ ወደ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን እንደሚዞር አስታወቀ፤ በዚያው የፀደይ ወራት ኮዱ ዳግመኛ በኩባንያው ቁጥጥር ሥር ገባ። በሲምቢያን የተሠራው የመጨረሻው ስልክ በ2012 የወጣው ኖኪያ 808 ነው።

ከየካቲት እስከ ታኅሣሥ ቁጠሩት። አሥር ወር ነው። የእኛ አገር ሕፃን የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የሚወስደው በዘጠኝ ወሩ ነው፤ ክትባቱን በወሰደ በወሩ እንደማለት ነው። በአሥር ወር ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ያለውን ጽሑፍ የውጭ ሰው ተምሮት፣ አርሞት፣ የራሱ አድርጎት ሊጨርስ ይችላል? አማቼን ጠየቅኩት። «አይችልም» አለ። «ታዲያ መከፈቱ ገደለው ወይስ ሞቱ ቀድሞት መጣ?» አልኩት። ዝም አለ።

ሐቁን ለመናገር፣ ቀድመው ቢከፍቱት ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። በሽታው ከባድ ነበር። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ መክፈቱ ትክክለኛው ሕክምና ነበር፤ የተሰጠው ግን ዘግይቶ ነው፤ የተቋረጠውም ከመጀመሩ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥፋቱ መዘግየቱ እንጂ መጮሁ አይደለም።

ዕድሜ የተሰጠው ሌላው ልጅ

አንድን ሕክምና ለመመዘን ሁለተኛ በሽተኛ ያስፈልጋል። አገኘሁ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሶላሪስ የተባለ፣ ለትላልቅ ኮምፒውተሮች የሚሆን የንግድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበረው። በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. የሶላሪስን ኮድ መክፈት ጀመረ። ያኔም «አበዱ፣ ንብረታቸውን በተኑ» የሚል ብዙ ነበር። ሰን ራሱ አልተረፈም፤ በጥር 2010 ኦራክል ጠቀለለው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ኮዱን በይፋ ማውጣቱ ቆመ።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሶላሪስ ክፍት ሆኖ የቆየው አምስት ዓመት ነው። በአምስት ዓመት ልጁ በእግሩ ቆሟል፤ ጎረቤት ያውቀዋል። በነሐሴ 2010፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ባለሙያዎች ከክፍቱ ኮድ ኢሉሞስ የተባለ አዲስ ፕሮጀክት አስነሡ፤ እስከ ዛሬም አለ። ከሶላሪስ ጋር የተከፈተው ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ማከማቻ ዘዴ ደግሞ ዛሬ በሊኑክስም፣ በፍሪቢኤስዲም ላይ ይሠራል። የዜድኤፍኤስ ብልሃት ለነርስ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ የተቀመጠ መረጃ ማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መረጃው ሲነበብ ቁጥሩ ካልገጠመ መበላሸቱን ያውቃል፤ ሌላ ቅጂ ካለውም ያስተካክለዋል። መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ስሙን፣ መጠኑንና የበሽተኛውን ስም ደግመን እንደምናነበው ማለት ነው። ወላጁ ኩባንያ ሞቷል፤ ሥራው ግን የሰዎችን ፋይል ዛሬም ይጠብቃል። ተዘግቶ ቢቀር ኖሮ ዕጣው በገዢው ኩባንያ ፈቃድ ብቻ ይወሰን ነበር።

የሲምቢያንም አሥር ወር ቢሆን ፍሬ ቢስ አልነበረም። በዚያ ጊዜ በሕጋዊ ፈቃድ ኮዱን የወሰዱ ሰዎች ቅጂውን ይዘውታል፤ የተሰጠ ፈቃድ አይነጠቅምና ዛሬም ለማጥናት የሚፈልግ ያገኘዋል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን የድሮውን ኤምኤስ ዶስ ሁለት እትሞች በ2018፣ አራተኛውን በ2024 እ.ኤ.አ. በነፃ ፈቃድ ከፍቷል። ገበያው ካለፈ በኋላ እንኳ መክፈት ለተማሪ ጥቅም እንዳለው አይተውት ይመስለኛል።

ክሊኒኩ ውስጥ የሆነው

ይህ ሁሉ ለአንዲት ጡረተኛ ነርስ ምኗ ነው ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአንድ የግል ክሊኒክ ግማሽ ቀን እሠራ ነበር። ክሊኒኩ የበሽተኛ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ከአንድ ሻጭ ገዝቶ ነበር። ጥሩ ነበር፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ጣት እየለቀምኩ መጻፍ የተማርኩት በእርሱ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙ «የአገልግሎት ዘመን አብቅቷል፣ ቁልፍ ያስገቡ» ብሎ ቆመ። ስንደውል ስልኩ አይሠራም። ሻጮቹ ሥራቸውን አቁመው ተበታትነዋል። የተጠራው ባለሙያ «መረጃው እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ የተጻፈበት መንገድ ግን ከፕሮግራሙ በቀር አይነበብም፤ ፕሮግራሙም ያለ ቁልፍ አይከፈትም» አለን። በፍላሽ የያዝነው ቅጂም ያው ተቆልፎ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው የስኳር በሽተኛ እግራቸው ቆስሎ መጡ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ሲል «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ ምንም የለም» አሉ። እኔ ግን መልካቸውን አስታወስኩ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መድኃኒት ውጠው ፊታቸው አብጦ መጥተው ነበር፤ የመድኃኒቱንም ስም በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የትኛው እንደነበረ ግን አልመጣልኝም። የጻፍኩት ያ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ጋ ደወልን። እሳቸው «ያቺን ቀይና ቢጫ እንክብል ነዋ! ከዋጠ በኋላ ዓይኑ እስኪጠፋ ነው ያበጠው» አሉ። አሞክሲሲሊን ነበር፤ ሐኪሙም ሊያዝ ያሰበው እርሱን ነው። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ሰውየው በደህና ሄዱ። የተረፉት በሚስታቸው ትዝታ ነው። ሚስት የሌለውስ?

ይህን ስነግረው አማቼ «ያ እኮ የሻጩ ጥፋት ነው እንጂ የዝግ ኮድ ጥፋት አይደለም» አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ኮድ ስለተከፈተ ብቻ ጥገና በራሱ አይመጣም፤ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ኮዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ያ የተጠራው ባለሙያ የሚያነበው ነገር ነበረው። ሻጩ ቢሞትም ሌላ ሐኪም ካርዱን ያነብ ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ ጤና ሚኒስቴራችን ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሲስተም ኦፕን ሶርስ ነው። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተባብረዋል፤ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ኖርዌጂያኖቹ ነገ ቢተዉት እንኳ የእኛ ልጆች ኮዱን ይዘው ሊቀጥሉ ይችላሉ።

ተቃውሞዎቹም ይደመጡ

አማቼ ሁለት ጠንካራ ጥያቄ አነሣ። አንዱ «ኮዱ ከተከፈተ ሌባው ቀዳዳውን አያይም ወይ?» የሚል ነው። ያያል። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው፣ ዓለም ሁሉ ለምስጢር መጠበቂያ በሚጠቀምበት ክፍት ፕሮግራም ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ስሕተት ገብቶ እስከ ሚያዝያ 2014 ድረስ ማንም ሳያየው ቆይቷል። ሃርትብሊድ ይባላል። ክፍት በር ማለት የሚያይ ሰው አለ ማለት አይደለም፤ የሚመለከት ሰው መመደብና መክፈል ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ነው ታላላቅ ኩባንያዎች ለእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ጥበቃ ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት። ዝጉስ ይድናል ወይ? በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዊንዶውስ የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን ሲመታ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። መደበቅ ከሌባ አያድንም። ቀዳዳው ሲገኝ ግን ክፍቱን ማንም ሊጠግነው ይችላል፤ ዝጉን ባለቤቱ እስኪጠግነው መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ታዲያ ባለሙያው ምን ይበላል?» የሚል ነው። ይህ ለእኔም ያሳስበኛል፤ የልጄ ባልና የልጅ ልጄ የሚበሉት ከዚህ ሙያ ነውና። ግን መርፌ አወጋግ በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ ሰው ግን እጄን ብሎ ነው የሚመጣው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ክፍት ፕሮግራምን ይዞ በጥገናና በአገልግሎት ብቻ ገንዘብ ሲያገኝ ኖሮ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ቀመሩን መክፈት ሙያን ማጥፋት አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ፊደላችንስ?

ከክፍቱ መንገድ እኛ በተለይ የምናገኘው አንድ ነገር አለ። ያኔ በእጃችን የነበሩት ስልኮች አማርኛ አይጽፉም ነበር፤ መልእክታችንን ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው። እናቴ ከቄስ ትምህርት ቤት የተማረችው ፊደል ብቻ ነው፤ የላክሁላትን የዓውደ ዓመት ሰላምታ ጎረቤት ነበር የሚያነብላት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መመዝገቡን ያኔ አላውቅም ነበር። መመዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በየማሽኑ ላይ የሚያስገባ ሰው ይፈልጋል። ገበያችን ትንሽ ነው የሚል ኩባንያ ጉዳዩን ሊያዘገየው ይችላል፤ ክፍት ፕሮግራም ሲሆን ግን የእኛው ልጅ ራሱ ይጨምረዋል። ዛሬ አቢሲኒካ የተባለው ቅርጸ ፊደል በክፍት ፈቃድ የሚገኝ ነው፤ ቀድሞ ይሸጥ የነበረው የፊደል መጻፊያ ኪይማን ተከፍቷል፤ ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም በአማርኛ መጠቀሚያ አለው። እርሱም ቢሆን መነሻው ሰን ገዝቶ የከፈተው የንግድ ፕሮግራም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የእድር ጸሐፊ ብትሆኑ፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ብትሆኑ፣ ክሊኒክ ወይም ሱቅ ቢኖራችሁ፣ ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንድ፦ እናንተ ነገ ብትጠፉ ይህን ማን ይጠግንልናል? ሁለት፦ መረጃችንን በሌላ ፕሮግራም በሚነበብ መልክ ማውጣት እንችላለን? አሁኑኑ አውጥታችሁ አሳዩን። ሦስት፦ ኮዱ ክፍት ነው? ካልሆነ፣ ሥራ ብታቆሙ እንደምትሰጡን በውል ትጽፋላችሁ? የሚያጉረመርም ሻጭ ካለ ከወዲሁ ማወቁ ይሻላል።

ልጃችሁ ኮምፒውተር የሚወድ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትዘኑ። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የሚገርመው፣ እርሱም እንደ ኖኪያ ከፊንላንድ ነው። ዛሬ በእጃችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ አስኳሉ ያ የተማሪው ሥራ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚያነበው ልጅ ይፈልጋል።

በማግሥቱ አማቼ ከሥራ ሲመለስ የድሮውን ትንሽ የሜሞሪ ካርድ የሚያስገባ ነገር ይዞ መጣ። ካርዱን ከባለቤቴ ስልክ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ሲስተሙ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ አይከፈትም ብዬ ነበር። ፎቶዎቹ ተራ በተራ ተከፈቱ። «እንዴት?» አልኩት። ፎቶ የሚቀመጥበት ጄፔግ የሚባለው መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አሠራሩ በይፋ የታወቀ፣ ማንኛውም ማሽን የሚያነበው መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና «በቃ ሲስተር፣ የሲምቢያንን የሞት ምክንያት አርሜ እጽፋለሁ» ብሎ ሳቀ።

አምስተኛው ፎቶ ላይ ባለቤቴ በአዲሱ ዓመት ጠዋት፣ አደይ አበባ ይዞ ደጃችን ላይ ቆሟል። የልጅ ልጄ አይታው አታውቅም፤ ሳትወለድ ነው ያረፈው። ስክሪኑን በጣቷ እየነካች «አያቴ ረጅም ነበር እንዴ?» አለች።